ስለ ፕላዝማ ነውጥ ውይይት ስናዘጋጅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደቡብ ፈረንሳይ ካዳራሽ እየተገነባ ያለው ኢተር የተባለው ቶካማክ (ፕላዝማን፣ ማለትም እጅግ የሞቀ ኤሌክትሪካዊ ጋዝን፣ በማግኔት የሚይዝ የቀለበት ቅርጽ ያለው ማሽን) ሥራ ሲጀምር የፕላዝማው መሃል እስከ 150 ሚሊዮን ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሞቅ ታቅዷል። ከዚያ መሃል እስከ ፕላዝማው ጠርዝ ያለው ርቀት ግን ሁለት ሜትር ያህል ነው። ሙቀት በዚህች አጭር ርቀት እንዲህ ሲያሽቆለቁል ፕላዝማው ጸጥ ብሎ አይቀመጥም። ይናወጣል፣ ጥቃቅን አዙሪቶችን ይፈጥራል፤ አዙሪቶቹም ሙቀቱንና ቅንጣቶቹን ወደ ውጭ ያጓጉዛሉ። የቅንጣቶች ግጭት ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚባክነው ሙቀት እጅግ ባነሰ ነበር። ነውጥና ዝውውር (የሙቀትና የቅንጣቶች ወደ ውጭ መጓዝ) በፊውዥን፣ ማለትም አቶሞችን አዋህዶ ኃይል በማመንጨት፣ ተመራማሪዎች ስብሰባ ሁልጊዜ የሚነሳውም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ እውነተኛ ውይይት ሳይካሄድ ሰዓቱ ያልቃል። ጥፋቱን በተናጋሪዎቹ ላይ መጫን አልወድም፤ አብዛኛው የሚፈጸመው ከስብሰባው በፊት፣ አጀንዳው ሲጻፍ ነው።

ርዕስን እንደ ጥያቄ መቁጠር

“የኤሌክትሮን ሙቀት ዝውውር” ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። በርዕስ የተጠራ ሰው በእጁ ያለውን ሥራ ያቀርባል፤ በጥያቄ የተጠራ ግን መልሱን ወይም ተቃውሞውን ይዞ ይመጣል። የአይሶቶፕን፣ ማለትም የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያዩ ዓይነቶችን፣ ጉዳይ እንውሰድ። ቀላሉ ንድፈ ሐሳብ አዮኑ በከበደ ቁጥር አዙሪቶቹ ስለሚሰፉ ሙቀቱ በበለጠ ፍጥነት ይወጣል ይላል። በዚህ ስሌት ከባዱ የሃይድሮጅን አይሶቶፕ ዲዩቴሪየም ከተራው ሃይድሮጅን የባሰ ሙቀት ማባከን ነበረበት። በበርካታ ማሽኖች የታየው ግን ዲዩቴሪየም ሙቀቱን ከሃይድሮጅን እኩል ወይም በተሻለ ሁኔታ ይዞ እንደሚቆይ ነው። ወደፊት የሚሠራው ማመንጫ ዲዩቴሪየምና ከእሱም የሚከብደውን ትሪቲየም ስለሚጠቀም ይህ ቅራኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ አጀንዳው ላይ “የአይሶቶፕ ውጤት” ብሎ ከመተው “ልዩነቱን የሚያመጣው የመሃሉ ነውጥ ነው ወይስ የጠርዙ? ሁለቱን የሚለየውስ የትኛው ልኬት ነው?” ብሎ መጻፍ ይሻላል። እንዲህ ሲጠየቅ በእንግሊዝ ካልሃም ጄት በተባለው ቶካማክ ላይ የሠራ ተመራማሪ ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት ያውቃል። ጄት በ2023 መጨረሻ ቢዘጋም በሃይድሮጅን፣ በዲዩቴሪየምና በትሪቲየም የተወሰዱት ልኬቶቹ አሁንም ብዙ የሚናገሩት አላቸው።

ሰዓቱን በገለጻ መሙላት

ለውይይት በተያዘ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስድስት ገለጻ መጫን ውይይቱን መሰረዝ ነው። ሁለት ሰዎች፣ ለእያንዳንዳቸው አምስት ደቂቃና አንድ ሥዕል ይበቃል። ሥዕሉም አስቀድሞ ለተሳታፊዎች ይላክ።

እያንዳንዱ የየራሱን ምሳሌ ይዞ እንዲመጣ መተው

በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ የዝውውር ሞዴል የያኔው የኢተር ንድፍ የታሰበለትን ኃይል ላያመነጭ እንደሚችል ተነበየ። ክርክሩ ጋለ፤ የተለያዩ ኮዶች (ነውጡን የሚያሰሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች) ጎን ለጎን ሳይመዘኑ ግን የማንኛው ትንበያ እንደሚታመን መለየት አይቻልም ነበር። በአሜሪካ ሳይክሎን የተባለው ፕሮጀክት ያደረገው ነገር ሲያዩት ቀላል ነው፤ ሁሉም ኮዶች አንድን ጉዳይ እንዲያሰሉ አደረገ። ጉዳዩ በሳንዲያጎ ከሚገኘው ዲ-ስሪ-ዲ ቶካማክ ሁኔታ የተወሰደ ሲሆን ግብዓቶቹ አንድ በአንድ ተጽፈው ተቀመጡ። የሙቀት ተዳፋቱ፣ ማለትም የማሽኑ ዋና ራዲየስ (ከቀለበቱ መሃል እስከ ፕላዝማው መሃል ያለው ርቀት) ሙቀቱ ለሚወርድበት ርዝመት ሲካፈል፣ 6.9 እንዲሆን ተወሰነ።

በ2000 የታተመው ንጽጽር ሁለት ነገር አሳየ። አንደኛ፣ ነገሩን አቃልለው ፕላዝማውን እንደ ፈሳሽ የሚያዩት ሞዴሎች፣ ቅንጣቶቹ በመግነጢሳዊ መስኩ ዙሪያ ሲሽከረከሩ የሚከተሉት ጃይሮካይኔቲክ ኮዶች ከሚሰጡት የበለጠ ዝውውር ይተነብዩ ነበር። ሁለተኛው ከዚያ ይበልጣል። ነውጡ መነሳት ያለበት ተዳፋቱ 4 አካባቢ ሲደርስ ቢሆንም፣ እስከ 6 ገደማ ድረስ ነውጡ ራሱ በወለዳቸው ዞናዊ ፍሰቶች (አዙሪቶቹን በሚቆራርጡ ሰፋፊ ፍሰቶች) እየታፈነ ሙቀት እምብዛም ሳያሾልክ ይቆያል። ይህ ግኝት የመጣው ጉዳዩ አንድ ስለነበረ ነው። እስከ ዛሬም አዲስ ኮድ የሚጽፉ ሰዎች ሥራቸውን መጀመሪያ የሚፈትኑት በዚሁ ጉዳይ ነው።

አዘጋጁ እንግዲህ ከስብሰባው በፊት አንድ ጉዳይ መርጦ ግብዓቶቹን ማሰራጨት አለበት። አሃዶቹንም አይርሳ። የሙቀት ፍጥነትን፣ ማለትም ቅንጣቶቹ በሙቀታቸው የሚንቀሳቀሱበትን ፍጥነት፣ አንዱ ኮድ የሁለትን ካሬ ሥር ጨምሮ ይጽፈዋል፣ ሌላው ሳይጨምር። ርዝመትን አንዱ በዋናው ራዲየስ ይለካል፣ ሌላው በትንሹ ራዲየስ፣ ማለትም ከፕላዝማው መሃል እስከ ጠርዙ ባለው ርቀት። ይህ ሳይጣራ የተከፈተ ስብሰባ ግማሽ ቀኑን በሌለ ልዩነት ላይ ሲከራከር ሊውል ይችላል፤ ያንን ጊዜ ማንም አይመልሰውም።

የሚያሰሉትንና የሚለኩትን መለያየት

በዚያው በዲ-ስሪ-ዲ በ2009 የታተመ ንጽጽር ስሌቱ በፕላዝማው አጋማሽ ላይ ከልኬቱ ጋር እንደሚስማማ፣ ወደ ጠርዙ ሲጠጋ ግን የሙቀት ፍሰቱን በብዙ እጥፍ አሳንሶ እንደሚያሳይ አመለከተ። ጉድለቱ ለዓመታት አከራከረ። በኋላ በሌላ ኮድ ሲሰላ ክፍተቱ ጠበበ፤ የአዮን ሙቀት ተዳፋቱን በልኬቱ የስህተት ወሰን ውስጥ ከፍ በማድረግም ስሌቱን ከልኬቱ ጋር ማስታረቅ ተቻለ። ምክንያቱም ዝውውሩ ግትር ነው፤ ነውጡ ከሚነሳበት ወሰን በላይ ተዳፋቱ ጥቂት ሲጨምር ፍሰቱ እጅግ ይንራል። እንዲህ ባለ ጉዳይ የሙቀቱን ተዳፋት የለካው ሰው በቦታው ተገኝቶ “የስህተቴ ወሰን ይህን ያህል ነው” ካላለ ክርክሩ ጉንጭ አልፋ ይሆናል።

መሣሪያውም የሚያየው ስሌቱ የሚያየውን አይደለም። የመሣሪያው እይታ የተወሰነ ስፋት ስላለው ከዚያ ያነሱትን አዙሪቶች ያደበዝዛቸዋል። ስለዚህ የስሌቱ ውጤት በመሣሪያው እይታ ልክ ተጣርቶ ነው ለንጽጽር መቅረብ ያለበት። ይህን ሥራ ማን እንደሚሠራ በዕቅዱ ላይ በስም ካልተጻፈ ማንም አይሠራውም።

ተጠራጣሪውን አለመጋበዝ

በ1968 ኖቮሲቢርስክ በተካሄደው ጉባኤ በአርትሲሞቪች የሚመራው የሶቪየት ቡድን ቲ-3 በተባለው ቶካማክ ያገኘውን ሙቀት ሲያስታውቅ በምዕራቡ ዓለም ብዙዎች ተጠራጠሩ። ሶቪየቶቹ ተጠራጣሪዎቹን አላራቁም፤ ጋበዟቸው። በ1969 ከካልሃም የሄዱ እንግሊዛውያን የሌዘር መሣሪያቸውን ይዘው ሞስኮ ኩርቻቶቭ ተቋም ገቡ፣ ለኩ፣ ወደ 10 ሚሊዮን ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት መኖሩን አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ የዓለም ቤተ ሙከራዎች ፊታቸውን ወደ ቶካማክ አዞሩ። ይህ የሆነው በቀዝቃዛው ጦርነት መሃል ነው፤ እኛ ግን ዛሬ የሌላ ቡድን ሰው ለመጥራት እንኳ ስናመነታ እንታያለን። በተጋባዦች ዝርዝር ውስጥ ውጤታችን ስህተት ነው ብሎ የሚያምን ቢያንስ አንድ ሰው ይኑር፤ መረጃውም ቀድሞ ይድረሰው።

የስቴላሬተር (ፕላዝማውን በጠመዝማዛ ማግኔቶች የሚይዝ ሌላ ዓይነት ማሽን) ሰዎችንም ለየብቻ ማስቀመጥ አይገባም። ጀርመን ግራይፍስቫልት ያለው ቬንዴልሽታይን 7-ኤክስ በግጭት የሚባክነውን ሙቀት እንዲቀንስ ሆኖ ስለተነደፈ አሁን የሚታገለው ከነውጥ ጋር ነው። የሚያሳስበው ነገር ከቶካማኮቹ ጋር አንድ ነው።

ቃሉን ለአንጋፋዎቹ ብቻ መስጠት

ስሌቱን በእጁ ያስኬደው ብዙውን ጊዜ ከኋላ የተቀመጠው የዶክትሬት ተማሪ ነው። የትኛው ግብዓት ተገምቶ እንደገባ፣ የትኛው የኮዱ ሩጫ ሳይረጋጋ እንደተቋረጠ የሚያውቀው እሱ ነው። ታላቅን ማክበር ተገቢ ነው፤ ይሁንና አወያዩ የመጀመሪያውን ቃል ለተማሪው ቢሰጥ አንጋፋው አይጎዳም፤ የሚናገረውም በተሻለ መረጃ ላይ የቆመ ይሆናል።

ቃለ ጉባኤ ሳይያዝ መለያየት

ስብሰባው ሳይበተን አንድ ገጽ ይጻፍ፤ ተሳታፊዎቹም ክፍሉን ሳይለቁ ያንብቡት። ያልተስማሙበት ነጥብ በሁለቱም ወገኖች አነጋገር ይስፈር፤ ልዩነቱን የሚፈታው ልኬት ወይም ስሌት ተለይቶ ይጠቀስ፤ የሚሠራው ሰው ስም፣ የሙከራው ቁጥርና ውጤቱ የሚላክበት ቀን ከሥሩ ይጻፍ። የቀጣዩ ስብሰባ አጀንዳ ከዚሁ ገጽ ይጀምራል።