ራግቢን ከቱሉ ዲምቱ፦ ለትልቁ ጨዋታ እንዴት ትዘጋጃላችሁ?

ደቡብ አፍሪካ ከኒውዚላንድ ሊጫወቱ ነው ሲባል የራግቢ ሰው እንቅልፍ ያጣል። ቱሉ ዲምቱ ላይ ግን ሰዉ የሚያወራው ስለ አርሴናልና ስለ ማንቸስተር ነው። እኛ ተሰብስበን አንድ ሚኒባስ አንሞላም። ስለዚህ የእግር ኳስ ደጋፊ ሳይለፋ የሚያገኘውን ነገር፣ ስክሪኑንም፣ ድምፁንም፣ አብሮት የሚጮኸውንም ሰው፣ እኛ ለፍተን ነው የምናገኘው። ልፋቱ ደግሞ በጨዋታው ቀን አይጀመርም፣ ሳምንት ቀደም ይላል። ኮዬ ፈጬም ሁኑ ገላን፣ ለገጣፎም ሁኑ ሰበታ፣ ነገሩ ያው ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን አጥሩ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚለጠፈው ሰዓት አንዴ የጆሃንስበርግ፣ አንዴ የለንደን፣ አንዴ የኦክላንድ ይሆናል፣ እሱን ደግሞ ወደ ሐበሻ ሰዓት ስትመልሱት ጠዋቱ ከማታው ይምታታል። ስልካችሁ ላይ ስታዲየሙ ያለበትን ከተማ ሰዓት ጨምሩና ልዩነቱን ብቻ ያዙ። ደቡብ አፍሪካ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ በ1 ሰዓት ወደኋላ ናት። ኒውዚላንድ በነሐሴና በጳጉሜ በ9 ሰዓት ትቀድመናለች፣ መስከረም ካጋመሰ በኋላ ልዩነቱ 10 ይሆናል። እዚያ ማታ 1 ሰዓት ከ5 ላይ የሚጀመር የነሐሴ ጨዋታ እኛ ጋ ጠዋት 4 ሰዓት ከ5 ነው። የ2027ቱ የዓለም ዋንጫ አውስትራሊያ ውስጥ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 20 እስከ ኅዳር 3፣ 2020። ጥቅምት ላይ ሲድኒ ማታ 2 ሰዓት ሲል እዚህ ቀን 6 ሰዓት ነው። ማለትም ያንን ዋንጫ ከምሳ ጋር ነው የምናየው፣ ደስ ይላል።

ሰዓቱ ለምን እንደዚህ አስጨነቀኝ? ምክንያቱም ቤት የምታገኙትና የማታገኙት በሱ ነው። ጨዋታው ጠዋት ከሆነ የዲኤስቲቪ ቤቱ ባዶ ነው፣ ባለቤቱም አይከፋውም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ እኛ ጋ 12 ሰዓት ገደማ ላይ ይውላል፣ እሱ ደግሞ የፕሪሚየር ሊግ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ገብታችሁ «ቻናል ቀይሩልን» ብትሉ የሚሰማችሁ የለም፣ ባይሰሟችሁም እውነታቸውን ነው። ያለው አማራጭ ሁለት ስክሪን ያለው ቤት መፈለግ ነው። አብዛኛው ቤት ጥግ ላይ ድምፁ የተዘጋ ትንሽ ቲቪ አያጣም። እሱን ጠይቁ። ድምፅ ባይኖረውም ግድ የለም።

ባለቤቱን ስታናግሩ ራግቢ ምን ያህል እንደሚጥም አታስረዱት። እሱ ሒሳብ ነው የሚሰራው። እኛ ሰፈር ንግግሩ እንደዚህ ነበር፦

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይከፍቱልናል?»

«በጠዋት ደግሞ የምን ጨዋታ ነው?»

«ራግቢ። ደቡብ አፍሪካ ናት የምትጫወተው።»

«ያ ሞላላ ኳስ? ስንት ሰው ነው የምታመጣው?»

ጥያቄው ይሄ ነው። «እንግዲህ የሚመጣው ይመጣል» ካላችሁ ነገሩ አለቀ። ቁጥር ጥሩለት፣ ቁርስና ቡና እዚያው እንደምትጠቀሙ ንገሩት፣ ከተቻለ የመግቢያውን ሰብስባችሁ ቀድማችሁ ስጡት። ከዚያ በኋላ፣ እባካችሁ ይህቺን አትርሷት፣ ሪሞቱን ተቀብላችሁ የራግቢው ቻናል መኖሩን እዚያው አረጋግጡ። ሁሉም ፓኬጅ አይዘውም። «አለ፣ አለ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ሲደርስ የለም።

መብራት ደግሞ አለላችሁ። ዳር ሰፈር ነን፣ አንድ ትራንስፎርመር ከተበላሸ ብሎኩ ሁሉ ጨለማ ነው። ጄኔሬተር ያለው ቤት ስክሪኑ ቢያንስም ይሻላል። የለውም ከተባለ አንድ ሰው ፓወር ባንክና የዳታ ፓኬጅ ይዞ ይምጣ፣ ቢያንስ ውጤቱን ትከታተላላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከምታመጧቸው ሰዎች ግማሹ ራግቢ አይቶ አያውቅም። ካልገባቸው በ15ኛው ደቂቃ ስልካቸው ላይ ይደፋሉ፣ በ30ኛው ይሄዳሉ፣ ባለቤቱም ድምፁን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ጨዋታው ሳይጀመር ቡናው እየተቀዳ ትንሽ አስረዷቸው። ሕጉን በሙሉ አትዘርግፉት፣ የሕጉን መጽሐፍ ጨርሶ የተረዳ ሰው አለ ብዬም አላምንም።

ይህን ብቻ በሏቸው። በአንድ ቡድን 15 ሰው፣ ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ። ኳሱ በእጅ የሚሰጠው ወደ ጎን ወይም ወደኋላ ብቻ ነው፣ ወደፊት የሚሄደው ይዘውት ሲሮጡ ወይም በእግር ሲመቱት ነው። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው «ታዲያ እንዴት ነው የሚያጠቁት?» ይላል። ጨዋታው ያለው እሱ ጥያቄ ውስጥ ነው፣ ተዉአቸው፣ እያዩ ይገባቸዋል። ኳሱን የተጋጣሚ መስመር አሳልፎ መሬት ያስነካ ትራይ አገባ ይባላል፣ 5 ነጥብ። ከትራይ በኋላ ያችን ረጅም ኤች (H) መሰል ብረት መሃል በምት ካሳለፉ 2 ይጨመራል። በጥፋት የሚሰጥ ፔናሊቲ ቀጥታ ወደ ብረቱ ተመትቶ ከገባ 3። በጨዋታ መሃል ኳሱን መሬት አንጥሮ መምታትም አለ፣ ድሮፕ ጎል፣ እሱም 3።

ሰው የሚጋጨው ኳስ በያዘው ሰው ላይ ብቻ ነው። የወደቀ ሰው ኳሱን መልቀቅ አለበት፣ ከዚያ በላዩ ላይ ግፊያ ይነሳል። ግፊያው ከሩቅ ሲታይ የ12 ሰዓት የታክሲ ሰልፍ ይመስላል፣ ግን ሥርዓት አለው፦ ከኋላ በኩል ነው የሚገባው፣ ከጎን የገባ ይቀጣል። ዳኛው በየደቂቃው የሚያፏጨው ለዚህ ነው። ስክረም የሚባለው፣ 8 ለ8 ተቃቅፈው የሚገፋፉበት፣ ኳስ ከእጅ ወደፊት ሲያመልጥ የሚመጣ ነው። ጭንቅላት የመታ ካርድ ያያል። ቢጫ ማለት 10 ደቂቃ ውጭ መቀመጥ ነው። ቀይ ድሮ ጨርሶ መሰናበት ነበር፣ በቅርብ ዓመታት በራግቢ ቻምፒዮንሺፕ (የደቡብ አፍሪካ፣ የኒውዚላንድ፣ የአውስትራሊያና የአርጀንቲና ውድድር) ግን ከ20 ደቂቃ በኋላ ሌላ ሰው እንዲተካ ተፈቅዷል።

አንድ ነገር ደግሞ ጨምሩላቸው፦ 80ኛው ደቂቃ ሲሞላ ጨዋታው አይቆምም። ኳሱ ከጨዋታ እስኪወጣ ይቀጥላል። ይህን ያልነገራችሁት ሰው ሒሳብ ሊከፍል ተነስቶ ስክሪኑን ይከልልባችኋል።

ሕጉ ብቻውን ግን ሰው አያስጮህም። ቂም ያስፈልጋል፣ ቂሙን ንገሯቸው። ሰኔ 17፣ 1987 በእኛ አቆጣጠር፣ በፈረንጁ 1995፣ ጆሃንስበርግ ኤሊስ ፓርክ፣ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ። አፓርታይድ ካበቃ ገና ዓመት አልፎት ነው። ኒውዚላንድ ጆና ሎሙን የመሰለ፣ ሰው የሚረግጥ ግዙፍ የክንፍ ተጫዋች ይዛለች። ደቡብ አፍሪካ አሰረችው። ማንም ትራይ ሳያገባ በጭማሪ ሰዓት ጆኤል ስትራንስኪ በድሮፕ ጎል 15 ለ12 ጨረሰው። ማንዴላ የአምበሉን የፍራንሷ ፒናርን 6 ቁጥር ማሊያ ለብሰው ነበር የመጡት። ያ አረንጓዴ ማሊያ ለብዙ ጥቁር ደቡብ አፍሪካዊ የጨቋኙ ልብስ ነበር። ይህን ስትናገሩ ጋሼም ከባንኮኒው ጀርባ ጆሮ ይሰጣሉ።

ከዚያ ወደ ጥቅምት 17፣ 2016፣ በፈረንጁ 2023፣ እለፉ። ያ ቅዳሜ ባርሴሎናና ሪያል ማድሪድ የተጫወቱበት ነው፣ ቤሊንግሃም ሁለት አግብቶ ማድሪድ 2 ለ1 ያሸነፈበት፣ ስለዚህ ቀኑን ሁሉም ያስታውሰዋል። በዚያው ምሽት 4 ሰዓት ላይ ፓሪስ የወንዶች ራግቢ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። የኒውዚላንዱ አምበል ሳም ኬን በወንዶች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ቀይ ያየ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የደቡብ አፍሪካው ሃንድሬ ፖላርድ አራት ፔናሊቲ መትቶ 12፣ ኒውዚላንድ በ14 ሰው ትራይም አግብታ 11። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቼስሊን ኮልቤ ቢጫ አይቶ ወጣ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ማሊያውን ፊቱ ላይ ሸፍኖ ማየት አቃተው። ደቡብ አፍሪካ ሩብ ፍጻሜውንም፣ ግማሽ ፍጻሜውንም፣ ፍጻሜውንም ያሸነፈችው በአንድ አንድ ነጥብ ብቻ ነው። አራተኛ ዋንጫዋ ሆነ፣ በወንዶች አራት ያለው ሌላ አገር የለም። ዋንጫውን ያነሳው ሲያ ኮሊሲ የስፕሪንግቦክስ፣ ማለትም የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን፣ የመጀመሪያው ጥቁር አምበል ነው።

አዲሱን ቂም ከፈለጋችሁ ደግሞ ጳጉሜ 1፣ 2017 ኦክላንድ ኤደን ፓርክ ላይ ኒውዚላንድ 24 ለ17 አሸነፈች። እዚያ ሜዳ ላይ በፈረንጁ ከ1994 ወዲህ ተሸንፋ አታውቅም። በሳምንቱ፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ዌሊንግተን ላይ 43 ለ10 ተደቆሰች፣ በታሪኳ ከባዱ ሽንፈት። ከዚህ በኋላ የሁለቱን ጨዋታ «ወዳጅነት» የሚል ሰው ካለ አላየሁም።

የጨዋታው ዕለት ቀደም ብላችሁ ግቡ፣ ሃካው ሳያመልጣችሁ። ኒውዚላንዶች ከመጀመሩ በፊት የሚያሳዩት የማኦሪ (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ፉከራ ነው። የእኛ ሰው ፉከራና ሽለላ ያውቃል፣ ማስረዳት አያስፈልግም። ዓይናችሁን ግን ሃካውን በሚያዩት ተጋጣሚዎች ላይ አድርጉ። በፈረንጁ 2019 እንግሊዞች በዓለም ዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ የቪ ቅርጽ ሠርተው ቆሙ፣ አንዳንዶቹ የመሃሉን መስመር በማለፋቸው ቡድኑ የገንዘብ ቅጣት ተጣለበት፣ ጨዋታውን ግን 19 ለ7 አሸነፉ።

አሰላለፉ ሲወጣ ከጀማሪዎቹ በላይ ተቀያሪዎቹን እዩ። ተቀያሪ 8 ነው። ደቡብ አፍሪካ ከስምንቱ ስድስት፣ አንዳንዴም ሰባት ግዙፍ የፊት ተጫዋቾችን፣ ማለትም ስክረም የሚገፉትን፣ ትይዛለች፣ በ2023ቱ ፍጻሜ ሰባት ነበሩ። በሁለተኛው አጋማሽ ትኩስ ጉልበት ሲገባ ስክረሙ ይቀየራል። ጎረቤታችሁ «ደከሙ እኮ፣ አለቀላቸው» ሲል «50ኛው ደቂቃ ይድረስ» በሉት። ትክክል ከሆናችሁ ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ተንታኝ እናንተ ናችሁ። ሌላው ደግሞ ፔናሊቲ ሲሰጥ አምበሉ ወዴት እንደሚጠቁም ተመልከቱ። ወደ ብረቱ ካሳየ 3ቱን ፈልጓል። ወደ ጎን ካስመታ ወደ ትራይ መስመሩ ሊቀርብ ነው፣ 5ቱን ፈልጓል፣ ደፍሯል ማለት ነው። ጠባብ ጨዋታ በዚህ ውሳኔ ነው የሚያልቀው፣ የሚያጨቃጭቀውም እሱ ነው።

ማታ የሚያልቅ ከሆነ መመለሻውን ቀድማችሁ አስቡ። ከምሽቱ 4 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ የሚያልቀው 6 ሰዓት አካባቢ ነው፣ በዚያ ሰዓት ዋናው መንገድ ላይ ሚኒባስ አትጠብቁ። ባጃጅ ያለውን ልጅ ራሱን ጋብዙት። ቁጭ ብሎ ያያል፣ ሲያልቅ ያደርሳችኋል፣ ደጋፊም ጨመራችሁ። ሴቶች አብረው ካሉ ደግሞ ቤታቸው በር ድረስ ይሸኙ።

ከመውጣታችሁ በፊት ሒሳቡን በደንብ ዝጉ፣ ለምታስተናግደዋ ልጅ ጉርሻ ጣሉ፣ ቀጣዩ ጨዋታ መቼ እንደሆነ ለጋሼ በሐበሻ ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጧቸው። እኛ የሰጠናቸው ወረቀት ባንኮኒው ላይ ከቢራ ዋጋ ዝርዝሩ አጠገብ ተለጥፏል፣ ከሥሩ በእሳቸው እጅ «ሞላላ» ተብሎ ተጽፎበታል።