የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ፦ ለምን ሁሌ እዚያው ጋ ይቃጠላል?

የምጣድ ሽቦ መጠቅለል የትርፍ ሰዓት ሥራዬ ነው። ሱቅ የለኝም። ግን ድሬ ውስጥ አንዴ "ያ ልጅ ምጣድ ይሠራል" ከተባልክ አለቀልህ፣ ቅዳሜ በርህ ላይ ምጣድ ይደረደራል። ይህን የምጽፈው ሽቦውን ራሱ ጠቅልሎ ቦዩ ውስጥ ለሚያስተኛ ሰው ነው። ስፒናውን፣ ሶኬቱንና ብሬከሩን አይተህ ጨርሰሃል ብዬ እነሳለሁ። ከሶኬት ሳትነቅል የምትነካካ ከሆንክ ግን እዚሁ ላይ አቁም።

ቁጥሩን እንያዝ። 3500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ሬዚስታንሱ (ሽቦው ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን፣ በኦም የሚለካ) 13.8 ኦም አካባቢ ነው ማለት ነው። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኒክሮም፣ ማለትም የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ የሆነው የምጣድ ሽቦ፣ በሜትር 1.4 ኦም ገደማ ስላለው 10 ሜትር ያህል ያስፈልግሃል። ሳትለካ የጠቀለልከው ሽቦ ግምት ነው።

ይሞቃል፣ ግን እንጀራው ዓይን አያወጣም

ማታ ማታ ብቻ ከሆነ ሽቦው ጥፋት የለበትም፣ መብራቱ ነው። ቮልቱ 180 ሲገባ የምጣዱ ጉልበት በሲሶ ይቀንሳል። ሽቦ ስላሳጠርክ ቮልት አይጨምርም። አንድ ጎረቤቴ "ለማታው ይሁነኝ" ብሎ አሳጠረው። ጠዋት መብራቱ ሙሉ ሲሆን እንጀራው አረረበት፣ ብዙም ሳይቆይ ሽቦው ራሱ ተቃጠለ። ጥፋተኛ የተደረገው ደግሞ ሽቦውን የሸጠለት ሰው!

ቀኑን ሙሉ ሰነፍ ከሆነ ሽቦው ላይ ማግኔት አስጠጋ። ኒክሮምን ማግኔት አይስበውም። ከሳበው ካንታል ሊሆን ይችላል፤ የብረት፣ የክሮሚየምና የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። መጥፎ ሽቦ አይደለም። ግን በተመሳሳይ ውፍረት በሜትር 1.85 ኦም ገደማ አለው። እሱን 10 ሜትር ከጠቀለልክ ምጣድህ 2600 ዋት ላይ ይቀራል። 7.5 ሜትር ይበቃዋል።

እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ሽቦ ልትገዛ ስትወጣ ቴስተር (ኦም መለኪያ) ያዝ። መጀመሪያ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች አነካካና የሚያሳይህን ቁጥር ከንባብህ ላይ ቀንስ። ከዚያ አንድ ሜትር ሽቦ ለካ። 0.2 ኦም አካባቢ ካሳየህ በእጅህ የያዝከው ተራ የብረት ሽቦ ነው፣ አጥር እሰርበት። "ኦሪጅናል ነው" የሚል መሐላ በኦም አይለካም።

መሀሉ ያራል፣ ዳሩ ሊጥ ነው

ጥፋቱ የተጠቀለለውን ሽቦ ስትስብ ነው። በ6 ሚሊሜትር ለስላሳ ብረት ላይ ጥቅጥቅ አድርገህ ስትጠቀልለው 10 ሜትሩ 450 ዙር ያህል ይወጣዋል። ቁመቱ 45 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ሳትስበው በፊት በጠመኔ አራት እኩል ቦታ ክፈለው። የምጣዱን ቦይ በሲባጎ ለካና እሱንም አራት ክፈል። ስታስተኛው ምልክት ከምልክት ይግጠም። ዳር ላይ ሙቀት ስለሚያመልጥ የዳሩ ሩብ ትንሽ ጠበቅ ቢል ጥሩ ነው። ግን ዙሮቹ አይነካኩ።

መግቢያው ላይ ይበጠሳል

ዋናው ይኸው ነው። ከሚመጡልኝ ምጣዶች አብዛኞቹ ሆዳቸው ጤነኛ ነው። ሽቦው ከሸክላው ወጥቶ ከገመዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ግን ጥቁር፣ የተሰባበረ፣ ጠረኑ የሚሰነፍጥ ነገር ታገኛለህ።

ምክንያቱ የላላ ግንኙነት ነው። 16 አምፔር 0.5 ኦም ባለው የላላ ቦታ ሲያልፍ 128 ዋት ያህል ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ይወጣል። የድሮውን ትልቁን አምፖል በአንዲት ቡለን ራስ ላይ ማብራት በለው። ሙቀቱ ብረቱን ያዝገዋል፣ ዝገቱ ግንኙነቱን ያበላሸዋል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። መጨረሻው መበጠስ ነው።

ከሳቢያን ሰፈር አንዲት እንጀራ ሸጣ የምታድር እናት ምጣዷን አምጥታ "ኧረ ልጄ፣ በቀደም ነው ያሠራሁት" አለችኝ። ከፈትኩት። የመዳብ ገመዱ ኒክሮሙ ላይ በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ፕላስቲክ ናስትሮ፣ ምጣድ ውስጥ! ቀልጦ እንደ ማር ወርዷል። ይህም አልበቃ፣ በተቃጠለ ቁጥር ስንዝር ስንዝር እየቆረጡ መልሰው አስረውታል። ለካሁት፣ 12.4 ኦም። ይህ 3900 ዋት ነው፣ ወደ 18 አምፔር። ለ16 አምፔር የተሠራው ስፒናዋም መቅለጥ ጀምሯል። አየህ፣ እያንዳንዱ "ጥገና" የሚቀጥለውን ቃጠሎ ነው የሚያቀርበው። አቦ፣ ይሄ ጥገና ነው?

መፍትሄው ጭራው ላይ ነው፣ ከሸክላው ወጥቶ የሚታሰረው የሽቦው ጫፍ ላይ። ሽቦውን ስትቆርጥ ከ10 ሜትሩ ውጪ በየጫፉ 20 ሳንቲሜትር ትርፍ ተው። ትርፉን መሀል ላይ አጥፈህ በራሱ ላይ ግመደው። ድርብ ሲሆን እያንዳንዱ ሽቦ የሚሸከመው ግማሹን አምፔር ብቻ ስለሆነ ጭራው ቀዝቀዝ ይላል። ፒንሳህ ጥርሱ የሰላ ከሆነ ሽቦው ላይ ጨርቅ ጣልበት። የተጫረ ቦታ የሳሳ ቦታ ነው፣ የሳሳ ቦታ ደግሞ ቀድሞ ይቃጠላል።

ማሰሪያው ከማይዝግ ብረት የተሠራ ቡለን ይሁን፣ በሸክላ ማያያዣ ላይ የቆመ። አደራረቡ እንዲህ ነው፦ ሮንዴላ፣ የሽቦው ጭራ፣ ሮንዴላ፣ ዳዶ። ጭራው ቡለኑን የሚዞረው ዳዶው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው፣ በተቃራኒው ካዞርከው ስታጠብቅ እየሾለከ ይወጣል። የመዳብ ገመዱ ከዚያ በላይ ለብቻው በሌላ ሮንዴላና ዳዶ ይያዛል። መዳቡና ኒክሮሙ በቀጥታ አይጠማዘዙ። ገመዱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ቢያንስ፣ 4 ቢሆን ይመረጣል፣ ልባሱም ሙቀት የሚችል። ነሐስ ነው ብለው የሚሸጡልህን የተቀባ ቡለን በማግኔት ፈትነው፣ ከሳበው ነሐስ አይደለም።

ብዙዎች የሚዘልሉት ደግሞ ይህን ነው፦ አንዴ ከተጋገረበት በኋላ ንቀለው፣ በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ዳዶዎቹን ድጋሚ አጥብቅ። ብረት ሲሞቅ ሰፍቶ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ የመጀመሪያው ጥብቀት አይቆይም። ደንበኛ "ይበቃል፣ ስጠኝ፣ ሊጡ ኮመጠጠ" ይልሃል። አትስጥ።

የተቃጠለው ሽቦ ሰንበት ያለ ካንታል ከሆነ ደግሞ ጭራውን ልጠፈው ብለህ አትታገል። ሞቆ የቆየ ካንታል ይሰባበራል። አውጥተህ ሙሉውን ቀይር።

ላሜራው (የምጣዱ የውጭ ቆርቆሮ) ይነዝራል፣ ወይም ብሬከር ይጥላል

ብዙ ጊዜ ምጣዱ ውስጥ የተሞላው ጄሶ አልደረቀም። እርጥብ ጄሶ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። አዲስ የተሞላ ምጣድ ቀናት ፀሐይ ላይ ይቆይ፣ የድሬ ፀሐይ ለአንድ ነገር እንኳ ትጥቀመን። ከዚያ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ ሽቦው ላይ፣ ሌላውን ላሜራው ላይ አሳርፍ። ምንም ቁጥር ማሳየት የለበትም። ካሳየ አትሰካው። ኧርዝ ገመድ ላሜራው ላይ ካልታሰረ ምጣዱ ከእኔ ቤት አይወጣም። እርጥብ እጅ፣ ሊጥ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ባዶ እግር፤ ሌላ ማብራሪያ የሚፈልግ ሰው ምጣድ አይሥራ። ብሬከሩ አስቸገረኝ ብለህ ትልቅ ብሬከር እንዳትቀይር፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው ገመድ ነው የሚቃጠለው።

ጭራሽ አይሞቅም

መግቢያው ደህና ከሆነና ቴስተሩ ምንም ካላሳየ ሽቦው ሆዱ ውስጥ ተበጥሷል። አትቀጥለው፣ አዲስ ጠቅልል።

ሸክላው ተሰነጠቀ

ትኩስ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ፈሶበታል። "አላፈሰስኩም" ይሉሃል። ሸክላው ይቀየራል፤ ሽቦው ኒክሮም ከሆነና ኦሙ ልክ ከሆነ ወደ አዲሱ ሸክላ ይዛወራል፣ ጭራው ግን እንደ አዲስ ይሠራል።