የሚያስቀምጠውን ጥጃ ስናስታምም የምንሠራቸው ስህተቶች

ጥጃን ከሚያስቀምጡት አንዱ የሆነው ሮታ ቫይረስ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው። የሚያጠፋው በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያሉትን ቪላይ የሚባሉ ጣት መሰል ቅንጣቶች፣ በተለይም ጫፋቸውን ነው። ወተት የሚፈጨውና የሚመጠጠው እዚያ ነው። ከሥር ያሉት ሴሎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋሉ፤ አንጀቱን መልሰው የሚሠሩትም እነሱ ናቸው።

ወተት መከልከል። ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። “አንጀቱ ይረፍ” ተብሎ ጥጃው ሁለት ሦስት ቀን ወተት ይነፈጋል። አንጀት ግን የሚታደሰው ምግብ ሲያልፍበት ነው፤ ባዶውን ከዋለ ቪላዩ ይብስ ያጥራል። በዚያ ላይ ወተት እንደ አይጂኤፍ-1 ያሉ ግሮውዝ ፋክተሮች አሉት፤ እነሱም ሴሎች እንዲባዙ ትእዛዝ የሚሰጡ ፕሮቲኖች ናቸው። ያልተፈጨው ላክቶስ (የወተት ስኳር) ውሃ ስለሚስብ ተቅማጡ ትንሽ ሊጨምር ይችላል፤ አይደንግጡ። መጠኑን ቀንሰው ቶሎ ቶሎ ይስጡት፤ የሚጠባም ከሆነ ከእናቱ አይለዩት።

ፈሳሽ መተካትን መርሳት። አብዛኛውን ጊዜ ጥጃውን የሚገድለው የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጠው ይልቀቁ፤ ቶሎ ካልተመለሰ ወይም ዓይኑ ጎድጎድ ካለ ፈሳሽ አንሶታል። የጥጃ ኤሌክትሮላይት (የወጣውን ጨው የሚተካ ዱቄት) በንጹህ ውሃ በጥብጠው፣ ከወተት ሳይቀላቅሉ፣ ወተት በሚሰጥባቸው ጊዜያት መሀል በሰዓታት ልዩነት ያጠጡት። መቆም ወይም መጥባት ካቃተው ግን በአፍ መስጠቱ አይበቃም፤ በደም ሥር እንዲሰጠው ሐኪም ይጥሩ።

እንገር መድፋት። የእንገር ፀረ እንግዳ አካላት ወደ ጥጃው ደም የሚገቡት በመጀመሪያው ቀን፣ ይበልጡንም በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ነው። ከዚያ በኋላ ፋይዳ የለውም ብሎ የሚደፋ ሰው ያሳዝነኛል። ፀረ እንግዳ አካላቱ ወደ ደም ባይገቡም አንጀት ውስጥ ሆነው ቫይረሱን መያዛቸውን ይቀጥላሉ፤ አይጂኤፍ-1ም በእንገር ውስጥ ከተራ ወተት እጅግ ይበዛል።

አንቲባዮቲክ ማዘውተር። ቫይረስ አይገድልም። ትኩሳት ካለው ወይም ደም ከቀላቀለ ሐኪሙ ይወስን።

“ግሮውዝ ፋክተር አለው” የተባለውን ዱቄት ማመን። ሮታ ቫይረስ በያዛቸው የአሳማ ግልገሎች ላይ በተደረገ ሙከራ ኢጂኤፍ የተባለው ግሮውዝ ፋክተር አንጀታቸውን ሲያግዝ ታይቷል፤ የተሰጣቸው መጠን ግን በወተት ከሚገኘው እጅግ የበዛ ነበር። ገንዘብዎን ለወተትና ለኤሌክትሮላይት ያውሉት።

እበቱ ሲጠጥር ድኗል ማለት። ቪላዩ ገና አጭር ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰሞን ጡት አያስጥሉት፤ ወተቱንም በአንዴ አያብዙበት፣ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው መጠን ይመልሱት።