ሳይዘንብ የሚያንጠባጥብ ጣራ

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ያድርና፣ ጠዋት ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትነካው ኮርኒሱ ላይ ጠብ ጠብ ይጀምራል። ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ቡራዩና ለገጣፎ አካባቢ ይህን ያየ ባለቤት መጀመሪያ የሚጠራው ቆርቆሮ መቺ ነው። እሱም የሚስማሩን ቀዳዳ በሬንጅ ደፍኖ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ በማግስቱ ጠብታው እዚያው አለ። በደረቅ ወር ጣራ አያፈስም። ውሃው ከቤት የወጣ ነው፦ ከትንፋሽ፣ ከምጣድ፣ ከታጠበ ልብስ።

20 ዲግሪ የሞቀ አየር በሜትር ኩብ እስከ 17 ግራም ገደማ ውሃ ይሸከማል፤ 5 ዲግሪ ሲደርስ ግን 7 ግራም እንኳ መያዝ ያቅተዋል። ትርፉን የሚጥለው ያገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ነው። ቆርቆሮ ደግሞ በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከውጩ አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ለዚህ ነው ከሁሉ ቀድሞ የሚያልበው። አራት ሰው በር መስኮት ዘግቶ ቢያድር በትንፋሽና በላብ ብቻ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ወደ ክፍሉ ይለቃል። አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ሲነድ ወደ አንድ ሊትር፣ አንድ ኪሎ ቡታ ጋዝ ሲነድ ደግሞ ወደ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ በእንፋሎት ይወጣል።

ግድግዳ ላይ የታየ እርጥበት ከየት እንደመጣ ሳታውቁ ገንዘብ አታውጡ። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ እርጥቡ ቦታ ላይ ለጥፉና አራቱንም ጠርዝ በሰፊ ስኮች ዝጉት። ግድግዳው በጣም ከረጠበ ስኮቹ ስለማይዝ መጀመሪያ በጨርቅ አድርቁት። ከሁለት ቀን በኋላ ላስቲኩ በክፍሉ በኩል ከረጠበ የቤቱ አየር ነው ያላበው። በግድግዳው በኩል ከረጠበ ግን ውሃው ከብሎኬቱ እየወጣ ነው፤ ያኔ የሚታየው አሸንዳው፣ የውጭ ልስኑና ከመሠረቱ አጠገብ የሚተኛው ውሃ ነው። መስኮት መክፈት ይህን አያድነውም።

ላቡ ከቤት ከሆነ ከምንጩ ጀምሩ። ልብስ ቤት ውስጥ አታስጡ። በክረምት አማራጭ ከጠፋ አንድ ክፍል ብቻ ምረጡ፤ የክፍሉን በር ዘግታችሁ መስኮቱን ክፈቱ። እንጀራ ሲጋገር የኩሽናው መስኮት ይከፈት፣ ወደ መኝታ የሚወስደው በር ይዘጋ፤ ምጣዱ በተከፈተ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት ማታ ትራሳችሁ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ ነው የምታገኙት። በበጋ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የፊትና የኋላ መስኮት ክፈቱ፣ የውጩ አየር ያኔ ሞቃትና ደረቅ ነው። ጠዋት ስትነሱም አሥር ደቂቃ በቂ ነው፤ ግድግዳው ሳይቀዘቅዝ አየሩ ይለወጣል። የብረት መስኮት ላይ ያደረውን ውሃ በጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁን ግን ውጭ ጭመቁት፤ ቤት ውስጥ ከሰቀላችሁት ያው ውሃ ተመልሶ ይመጣል። ቁምሳጥንና አልጋ ከውጭ ግድግዳ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቁ።

የጣራው ጉዳይ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። በኮርኒስና በቆርቆሮ መካከል ያለው ክፍት ቦታ መተንፈስ አለበት። ለመተንፈሻው የኮርኒሱ ስፋት ለ150 ይካፈል፦ 40 ካሬ ሜትር ኮርኒስ 0.27 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። ቀዳዳው ላይ የሚደረገው ወንፊት ሽቦ አየር ስለሚቀንስ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት ቀዳዳዎች ብታደርጉ ይሻላል፤ ሁለቱ በአንዱ ጫፍ፣ ሁለቱ በተቃራኒው። ቀዳዳዎቹ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ክፍሉ አይከፈቱ፤ በአምፖል ገመድ ዙሪያ ያለውን ክፍተትም ድፈኑ፣ የክፍሉ እንፋሎት የሚወጣው በእሱ ነው። ሙቀት ይያዝልን ብሎ ኮርኒስ ላይ ፎም የሚያነጥፍ ሰው መጀመሪያ መተንፈሻ ያውጣ፤ አለዚያ ቆርቆሮው ይበልጥ ቀዝቅዞ ጠብታው ይብሳል።

ሻጋታ የያዘውን ግድግዳ በዘይት ቀለም መሸፈን የተለመደ ስህተት ነው፤ ቀለሙ በወራት ውስጥ አብጦ ይላጣል። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ ፈግፍጉት። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፣ መርዝ ጋዝ ይወጣዋል። ግድግዳው በደንብ ሳይደርቅ ቀለም አታስቀቡ። የጭቃ ቤት በዚህ ነገር ብዙም አይታማም፤ ጭቃው ማታ የጠጣውን እርጥበት ቀን ይመልሳል፣ በዘይት ቀለም ካልታፈነ።

ቤት ለማሞቅ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት ግን ግድግዳ አያደርቅም፣ ሰው ይገድላል። ጭሱ ቢጠፋም የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል።

መኪና ላይ ሕጉ ያው ነው። መስታወቱ ጉም ሲይዝ አየሩን እዚያው የሚያዞረውን ቁልፍ አጥፉ፣ ኤሲውንና ሂተሩን አንድ ላይ ክፈቱና ወደ መስታወቱ አዙሩ። ኤሲ አየሩን ያደርቃል፣ ሂተር ያሞቃል፤ ሂተር ብቻውን ሲሆን የረጠበውን ሞኬት እያተነነ ጉሙን ያባብሰዋል። የኤሲ ጋዝ ያለቀበት መኪና ሁለት መስኮት ጣት በምታህል ክፍተት ዝቅ አድርጎ ይሂድ። ጉሙ በየጠዋቱ የሚመለስ ከሆነ ምንጣፉን አንሱና ሞኬቱን በእጅ ጫኑት። ከረጠበ፣ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለው የውሃ መውረጃ በቅጠል ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ባሕር ዛፍ ሥር የሚያድር መኪና ላይ ይህ የታወቀ ነው። ቪትዝ ላይ ከጓንት ማስቀመጫው ጀርባ ያለውን የኤሲ ፊልትሮም እዩት፣ ከቆሸሸ አየር አያሳልፍም። መስታወቱ ላይ የሚቀረው ጉም ቅባትነት ካለው፣ ጣፋጭ ሽታ ካለውና የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ የሂተር ራዲያተሩ እያፈሰሰ ነው፤ መካኒክ ይየው።

በሰሃን ጨው ማስቀመጥ ብዙም አይረዳም፤ ጨው እርጥበት የሚስበው አየሩ ከ75 በመቶ በላይ ሲረጥብ ነው፣ መኪና ውስጥ ከፈሰሰም ብረት ይበላል። ውርጭ ያደረበት መስታወት ላይ ፍል ውሃ አታፍሱ፣ ይሰነጠቃል። ማታ ካርቶን ወይም ጆንያ ከመጥረጊያው ሥር አስገብታችሁ ሸፍኑት።