ትልቁ ኤፍፒጂኤ ታይሚንግ እምቢ ሲል

ኤፍፒጂኤ (ከተመረተ በኋላ ውስጡን በኮድ የምናዋቅረው ቺፕ) ላይ እየሠራችሁ ነው። ሲሙሌሽኑ ንጹሕ ነው። ሲንተሲሱም (ኮዱን ወደ ሰርኪት መለወጡ) አለፈ። ከሰዓታት ፕሌስና ራውት (ሰርኪቱን ቺፑ ላይ አስቀምጦ በሽቦ ማገናኘት) በኋላ ግን የዲዛይን ሶፍትዌሩ ቪቫዶ ቀይ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ስላኩ (ምልክቱ ደርሶ የሚተርፈው ጊዜ) ከዜሮ በታች ነው።

ኮዱን ለመነካካት አትቸኩሉ። መጀመሪያ በሪፖርቱ ላይ የከፋውን መንገድ ክፈቱ። መነሻው አንዱ ዳይ (በቺፑ ውስጥ ያለ የሲሊኮን ቁራጭ)፣ መድረሻው ሌላው ዳይ ላይ ከሆነ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

ትልልቆቹ ኤፍፒጂኤዎች ብዙ ጊዜ አንድ ቺፕ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። በ2011 የወጣው የዛይሊንክስ ቪርቴክስ-7 2000ቲ በአንድ የሲሊኮን ኢንተርፖዘር (ዳዮቹን በሽቦ የሚያገናኝ ንጣፍ) ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ 4 ዳዮች ነው። (ኩባንያው 3ዲ አለው። እኔ ግን ዳዮቹ ስላልተደራረቡ 2.5ዲ ከሚሉት ወገን ነኝ።) በአጎራባች ዳዮች መካከል ከ10,000 በላይ መስመሮች አሉ። ብዙ ይመስላል፤ ዳዩ ውስጥ ካለው ሽቦ አንጻር ግን ጥቂት ነው። መሻገሩም ጊዜ ይበላል። በ300 ሜጋኸርዝ አንድ የክሎክ ዑደት 3.3 ናኖሰከንድ ብቻ ነው። ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ሎጂክ ካለ ምልክቱ በሰዓቱ አይደርስም።

ስለዚህ ከመሻገሩ በፊት አንድ ሬጅስተር (በየክሎክ ዑደቱ ምልክቱን ተቀብሎ የሚይዝ)፣ ከተሻገረ በኋላ አንድ ሬጅስተር አድርጉ። በመካከላቸው ምንም ሎጂክ አይኑር። አልትራስኬል ፕላስ በሚባሉት የዛይሊንክስ ቺፖች ላይ ለዚሁ የተሠሩ፣ ላጉና የሚባሉ ሬጅስተሮች ድንበሩ ላይ አሉ። ግን ቫሊድና ሬዲን (ላኪው «ዳታ አለ»፣ ተቀባዩ «ዝግጁ ነኝ» የሚሉባቸውን ምልክቶች) እንዲሁ በሬጅስተር አታዘግዩ። ሬዲ ዘግይቶ ሲደርስ ዳታ ይጠፋል። እዚያ ቦታ ትንሽ ፊፎ (ዳታው በመጣበት ተራ የሚቆይበት ወረፋ) አስገቡ።

«ሬጅስተር ጨመርኩ፣ ምንም አልተለወጠም» የሚል ካለ ደግሞ ሲንተሲሱን ይጠርጥር። ሪሴት (ወደ መነሻ ዋጋ መመለሻ ምልክት) የሌላቸው ተከታታይ ሬጅስተሮችን ሲያገኝ ጠቅልሎ አንድ ሺፍት ሬጅስተር ያደርጋቸዋል። ያ በአንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ድንበር አይሻገርም። ሽሬግ ኤክስትራክት (SHREG_EXTRACT) የሚባለውን አትሪቢዩት «ኖ» አድርጉት።

ታይሚንጉ ተሟልቶ ራውቲንጉ ከተጨናነቀስ? ዲዛይኑ የተቆረጠው በማይሆን ቦታ ነው ማለት ነው። ጥቂት ሽቦ በሚያልፍበት በኩል ቁረጡትና እያንዳንዱን ክፍል በፒብሎክ (ቺፑ ላይ በሚከለል ቦታ) በየዳዩ አስሩት። ለሁሉም ዳይ የሚሄድ አንድ ሪሴት ካለም በየዳዩ የራሱ ቅጂ ይኑረው።

ቦርዱ ሲጀምር ሠርቶ ከቆይታ በኋላ የሚሳሳት ከሆነ ሲስተም ሞኒተሩ (በቺፑ ውስጥ ያለው መለኪያ) ላይ ሙቀቱን አንብቡ። ኤችቢኤም የሚባል ፈጣን ሜሞሪ በጎኑ ባለው ቺፕ ላይ የሜሞሪውንም ሙቀት ለብቻ እዩ፤ የሜሞሪው ዳዮች እርስ በርስ ስለተደራረቡ ከታች ያለው ሙቀት መውጫው ጠባብ ነው። ከወሰኑ ካለፈ ፋኑንና ሂትሲንኩን አስተካክሉ። ካላለፈ ግን ክሎክ ወደ ክሎክ የሚሻገሩ ምልክቶችን አንድ በአንድ ፈትሹ፤ ሲንክሮናይዘር (ምልክቱን ከአዲሱ ክሎክ ጋር የሚያስማማ ሰርኪት) ያልተደረገለት አንድ ቢት ይበቃል።