ካሴት የሚያድኑ ልጆችን ለማሠልጠን

ለገጣፎ፣ ግቢያችን ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ቤት፣ ለሰፈሩ ወጣቶች የድሮ ካሴት ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ አስተምራለሁ። እናንተም በየሰፈራችሁ ብትጀምሩት ደስ ይለኛል። ጊዜውም የለንም፤ ቴፕ (የካሴት ማጫወቻ) ጠጋኙም መለዋወጫውም እየጠፋ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ኮምፒዩተሩን መጨረሻ ላይ አውጡት። ልጆቹ ሶፍትዌሩን በአንድ ከሰዓት ይለምዱታል።

የመጀመሪያው ትምህርት መጠየቅ ነው። ካሴት ይዘው የሚመጡት አብዛኞቹ እናቶችና አባቶች ናቸው። ሽፋኑ ላይ «የእህቴ ሠርግ 84» ይላል። የማን እህት? 84 በእኛ ነው በፈረንጅ? ሠርጉ የት ነበር? ማሲንቆውን የሚጫወተው ማን ነው? ቡና እየተጠጣ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሁሉንም ደብተር ላይ ይጻፉ። ድምፁን ማሽኑ ያወጣልናል። ይህን ግን ከእማማ በቀር የሚነግረን የለም። ስለዚህ ቃለ መጠይቁ ሳያልቅ ካሴቱን ማጫወት በእኔ ቤት ክልክል ነው።

ቀጥሎ እጅ ማለማመድ ነው። ማንም የማይፈልገውን ካሴት ስጧቸውና አምስቱን ብሎኖች ይፍቱ። ውስጡን ይዩ። ክሩ ስፋቱ 3.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በጣት አይነካም። ከክሩ ጀርባ ቀጭን ብረት ላይ የተለጠፈች ትንሽ ጨርቅ አለች። እሷ ከወደቀች ድምፁ ይደክማል፣ ይጠፋል። ክሩ ግን ደህና ነው፤ ወደ ሌላ ቀፎ ማዛወር ይበቃል። የተበጠሰ ክር በተራ ስኮች አይቀጠልም። ሙጫው እየወጣ ከላይና ከታች ያለውን ክር ያጣብቃል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መቀጠያ አለ። የ120 ደቂቃ ካሴት ከመጣ ለጀማሪ አትስጡት፤ ክሩ በጣም ስስ ስለሆነ ቴፑ ቶሎ ይበላዋል። ሻጋታ ያበቀለውንም ለብቻው አስቀምጡ፣ አታጫውቱት።

ከማጫወት በፊት ከካሴቱ ጀርባ ያሉት ሁለቱ ትንንሽ ፕላስቲኮች ይሰበሩ። አንድ ልጅ ተሳስቶ ሪከርድ ቢጫን እንኳ ሠርጉ አይጠፋም። የቴፑ ሄድ፣ ማለትም ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበው ክፍል፣ አንድ ካሴት አልቆ ሌላው ከመግባቱ በፊት በአይሶፕሮፒል አልኮልና በጥጥ ይጠረግ። የእኛ አካባቢ አቧራ ምሕረት የለውም።

አሁን ጆሮ። እዚህ ላይ ጊዜ አትሰስቱ። ከሄዱ አጠገብ ትንሽ ብሎን አለች። ካሴቱ የተቀዳበት ቴፕ ሄዱ ትንሽ ዘመም ያለ ከሆነ፣ የእናንተም እንደዚያው ካልዘመመ ድምፁ ይታፈናል። ድምፁን ሞኖ አድርጉና ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ። ብሎኗን በጣም በትንሹ እያዞረ «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ብለው የሚሰሙበትን ቦታ ይፈልግ። የማኅሌት ካሴት ካገኛችሁ ጸናጽሉን ተከተሉ። ቦታው ሲገኝ ጸናጽሉ ከታፈነበት ወጥቶ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ይህ ልዩነት በኋላ በኮምፒዩተር አይመለስም። በሥልጠናዬ አንድ ነገር ብቻ አስተምር ብባል ይቺን ብሎን እመርጣለሁ።

ቅጂው በ96 ኪሎ ኸርዝ፣ በ24 ቢት (ሶፍትዌሩ ላይ የሚመረጡ የድምፅ ጥራት መጠኖች ናቸው)፣ በዌቭ ፋይል ይሁን፤ የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ ድምፅ 2 ጊጋ ገደማ ይወስዳል። «ሽሽ» የሚለው ድምፅ ይቅር ብላችሁ አታጽዱት። የጸዳ ከፈለጋችሁ ከዋናው ሌላ ቅጂ አውጡ። ልጁ ካሴቱ እስኪያልቅ አጠገቡ ተቀምጦ ያዳምጥ። መብራት ከሄደ ያ ገጽ ከመጀመሪያው ይቀዳ፤ መቀጣጠል የለም።

ሦስት ቅጂ አድርጉ፤ አንዱ ሌላ ሰፈር ይቀመጥ፣ ዘመድ ቤትም ቢሆን። በየዓመቱ እየተከፈቱ ይፈተሹ።

ከውጭ አገር በካሴት የተላከ የድምፅ ደብዳቤም ይመጣል። ውስጡ የቤተሰብ ገመና አለ። ልጆቹ የሰሙትን ውጭ እንዳያወሩ ገና ሳይጀምሩ ቃል ይግቡ፤ ቴሌግራም ላይ መልቀቅማ ጭራሽ አይታሰብም። የዘፋኝ ሥራ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብቱን ይጠብቃል፤ መገልበጣችሁ ባለቤት አያደርጋችሁም። ለእማማ ስልካቸው ላይ የሚከፈት ኤምፒ3 በፍላሽ ስጧቸው። ካሴቱንም መልሱላቸው፤ ተገልብጧል ተብሎ አይጣልም።