አኒሞን ወደ ጨዋማ ውሃ አኳሪየም እንዴት ይገባል?

አኒሞን ሲያዩት አበባ ይመስላል። ግን የባሕር እንስሳ ነው። አፍ አለው፣ ይበላል፣ ቦታው ካልተመቸው ደግሞ ድንጋይ ላይ የሚጣበቅበትን እግሩን ነቅሎ ይሄዳል። ብዙ ሰው የማይጠብቀው ይሄንን መሄዱን ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ እሱ ከመምጣቱ በፊት ያለው ነው።

መጀመሪያ የአኳሪየማችሁን ዕድሜ ቁጠሩ። ቢያንስ 6 ወር ይሙላው፣ ዓመት ቢሞላው ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ዓሳ አልሞተብኝም ማለት ውሃው ለአኒሞን ደርሷል ማለት አይደለም። ለኩት። ከዓሳ ቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ዜሮ መሆን አለባቸው፤ ከነሱ የሚፈጠረው ናይትሬት ደግሞ ከ10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 10 እጅ) ባይበልጥ ይመረጣል። ሙቀቱ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የጨው መጠኑ (ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ባለው እፍጋት ሲለካ) 1.025 አካባቢ፣ የውሃውን አሲድነት የሚለካው ፒኤች ከ8.1 እስከ 8.4 ይሁን። አኒሞንን በጣም የሚጎዳው ግን የቁጥሮቹ ዛሬ ከፍ ነገ ዝቅ ማለት ነው። ውሃ ሲተን ጨው እዚያው ይቀራል፣ ስለዚህ የጎደለውን በየቀኑ ጨው በሌለበት ንጹሕ ውሃ ሙሉት። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ አኳሪየሙ ውስጥ መዳብ ያለበት የዓሳ መድኃኒት ገብቶ የሚያውቅ ከሆነ አኒሞን አታስገቡበት። መዳብ ድንጋይና አሸዋ ውስጥ ይቀራል፣ አኒሞንን ደግሞ በጥቂቱም ይገድለዋል።

መብራቱ ለኮራል (ድንጋይ ለሚመስለው የባሕር እንስሳ) የሚሆን ጠንካራ መብራት ይሁን። አኒሞኑ ሰውነት ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ እንደ ዕፅዋት በብርሃን የሚኖሩ አልጌዎች አሉ፣ ከብርሃን ምግብ የሚሠሩለት እነሱ ናቸው። ደካማ መብራት ሥር አኒሞን ቀስ በቀስ ይራባል።

ከዚያ ፓምፖቹ። የመጀመሪያዬን ያጣሁት በዚህ ነው። ማታ ድንጋይ ላይ ተመቻችቶ ተቀምጦ ትቼው ተኛሁ፣ ጠዋት ስነሳ ውሃው ወተት መስሏል፣ አኒሞኑ ግማሽ አካሉ ፓምፑ ውሃ በሚስብበት ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ተበጣጥሷል። እስካሁን ሳስበው ያመኛል። ውሃ የሚስብ ቀዳዳ ሁሉ በስፖንጅ ወይም በወንፊት ይሸፈን። ማሞቂያውም መከለያ ይኑረው፣ ተጠግቶት ይቃጠላል።

ስትመርጡ፣ ለጀማሪ በብል ቲፕ የሚባለው ይሻላል፤ የጣቶቹ ጫፍ እንደ ፊኛ የሚነፋው ማለቴ ነው። አፉን እዩት፣ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ይሁን። እግሩን እዩት፣ ቅዳጅ እንዳይኖረው። ነጭ ወይም ገርጣ ያለ አኒሞን ያምራል፣ ግን አልጌዎቹን ያጣ የታመመ እንስሳ ነው። ደማቅ ቢጫ ወይም ሰማያዊ የሆነውም ቀለም ተነክሮ ሊሆን ስለሚችል ተጠንቀቁ።

ቤት ስትደርሱ መብራቱን ደብዘዝ አድርጉት። የመጣበትን ከረጢት ሳትፈቱ ለ20 ደቂቃ ያህል አኳሪየሙ ውሃ ላይ አንሳፍፉት፣ ሙቀቱ እኩል እንዲሆን። ቀጥሎ አኒሞኑን ከነውሃው ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ገልብጡት። በቀጭን የአየር ቱቦ ከአኳሪየሙ ውሃ ሳቡለት፣ ቱቦውን ቋጠር አድርጉትና በሰከንድ ሁለት ሦስት ጠብታ ይንጠባጠብ። የባልዲው ውሃ ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ እስኪሆን ጠብቁ፣ አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ በላይ ይወስዳል። የባልዲውን ውሃ ግን አኳሪየሙ ውስጥ አትጨምሩት።

አሁን ፓምፖቹን አጥፉ። ጓንት አድርጉ፣ ይናደፋል። አኒሞኑን ከሥሩ በመዳፋችሁ ደግፋችሁ ድንጋይ ላይ ያለ ስንጥቅ አጠገብ እግሩን ወደ ታች አድርጋችሁ አሳርፉት። እስኪይዝ ጠብቁ። አንዳንዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይጣበቃል፣ አንዳንዱ ጊዜ ይፈልጋል። ሲይዝ ፓምፑን በዝቅተኛ ኃይል ጀምሩት።

ከዚህ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ። እናንተ የመረጣችሁለትን ቦታ ትቶ ሌላ ጥግ ቢሄድ ተዉት፣ የሚበጀውን ብርሃንና ሞገድ የሚያውቀው እሱ ነው። ከድንጋይ ላይ በፍጹም አትላጡት፤ እግሩ ከተቀደደ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቡጢ አክሎ ሊጨማደድና ከአፉ ቡናማ ክር የመሰለ ነገር ሊተፋ ይችላል። አትደንግጡ፣ ቆሻሻውን እያስወጣ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ተነፍቶ ታገኙታላችሁ። አፉ ተከፍቶ ከቀረ፣ ሥጋው እየሟሸሸ ከተበታተነና ከሸተተ ግን ሞቷል። ሳትውሉ ሳታድሩ አውጡት፣ አለበለዚያ ውሃውን መርዞ ዓሳዎቹንም ይዞ ይሄዳል።

ለማብላት አትቸኩሉ። ከሳምንት በኋላ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ ሲከፈት፣ ጥፍር የምታክል የሽሪምፕ ቁራጭ ስጡት። በሳምንት አንዴ ይበቃል። ትልቅ ቁራጭ ከሰጣችሁት መልሶ ይተፋዋል።

ክላውን ዓሳ (አኒሞን ጣቶች መሃል የሚጠለለው ዓሳ) ካላችሁ ወዲያው አኒሞኑ ውስጥ ይገባል ብላችሁ አትጠብቁ፣ በግድም አታስጠጉት። አኒሞን ያለ ክላውን ዓሳም በሰላም ይኖራል።

መብራቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ወደ ሙሉ ኃይሉ መልሱት። በዚያ ጊዜ እግሩን ስንጥቁ ውስጥ ቀብሮ ካልተንቀሳቀሰ ቦታውን ወዶታል ማለት ነው። ኮራል ዙሪያውን ማስቀመጥ የሚቻለውም ያኔ ነው፣ ጣቶቹ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጉ ከሚደርሱበት ራቅ አድርጋችሁ።